612 ዶላር ወጣ፣ ደንበኛ ግን አልመጣም

«ሰላም ወንድሜ፣ እንደምን ሰነበትክ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ስምንት ዓመት በሰው ድርጅት ተቀጥሬ ቤት ሳጸዳ ኖርኩ። ባለፈው መስከረም የራሴን የቤት ጽዳት ድርጅት (ኤል ኤል ሲ) ከፈትኩ። ሁለት ሴቶች አብረውኝ ይሠራሉ። ያሉኝ ደንበኞች ሁሉ በሰው በሰው የመጡ ናቸው፤ አሁን ግን አልበቃኝም። አንድ የማውቀው ልጅ ጎግል ላይ ማስታወቂያ ላውጣልሽ አለኝና 200 ዶላር ከፈልኩት። አካውንቱን በራሱ ጂሜይል ከፈተው፤ ካርዱ ግን የእኔ ነው። በቀን 40 ዶላር ነበር የተባባልነው። አንድ ቀን 74 ዶላር ወሰደ። በ12 ቀን 612 ዶላር ሄደ። ልጁ የላከልኝ ፎቶ 153 ክሊክ ይላል። የተደወለልኝ አምስት ጊዜ ነው። ሦስቱ ሥራ ፈላጊዎች ናቸው። አንዱ የምንጣፍ ማጠቢያ ማሽን የማከራይ መስሎት ነው። አንዷ ከባልቲሞር ማዶ ናት። አንዳንዴም ሰው ቤት እየሠራሁ ስልኬ ቦርሳ ውስጥ ይጮሃል፤ መልሼ ስደውል አያነሱም። ማታ ማታ ኡበር የሚነዳው ባለቤቴ ‹ይሄ የሀብታም ጨዋታ ነው፣ ተይው› ይለኛል። ልተወው ወይስ በትክክል የሚከፈትበት መንገድ አለ? ሰ. ነኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ።»

እህቴ፣ አትተዪው። ለባለቤትሽም የሀብታም ጨዋታ እንዳልሆነ ንገሪልኝ። አጠገብሽ ቤተስዳ ያለ ሰው ቤቱን የሚያጸዳለት ሲፈልግ ስልኩን አውጥቶ ነው የሚፈልገው። በዚያች ደቂቃ ዓይኑ ፊት የተገኘ ድርጅት ሥራውን ያገኛል፤ ሁለት ሰው ይኑረው ሁለት መቶ። እንዳንቺ ያሉ ትንንሽ ድርጅቶች በዚህ መንገድ ሲቆሙ በዓይኔ አይቻለሁ። ያንቺ ገንዘብ የፈሰሰው ማስታወቂያው ገና ሳይጻፍ ነው፤ አካውንቱ በተከፈተበት ግማሽ ሰዓት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ፤ ከመክፈቻው ልጀምር።

ከደብዳቤሽ ውስጥ በጣም ያሳሰበኝ ከ612 ዶላሩ ይልቅ ጂሜይሉ ነው። ካርዱ ያንቺ፣ ድርጅቱ ያንቺ፣ ቁልፉ ግን በሌላ ሰው እጅ። ልጁ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ስለሚቀላቸው እንዲህ የሚያደርጉ ብዙ ናቸው። ግን ነገ ስልክ ባያነሳ ገንዘብሽ እየወጣ ዝም ብለሽ ታያለሽ ማለት ነው። ሌላም አለ። ሰዎቹ ምን ብለው ፈልገው ወዳንቺ እንደመጡ የተመዘገበው እዚያ ውስጥ ነው። ለ612 ዶላሩ እስካሁን ያገኘሽው ዋጋ ያለው ነገር እሱ ብቻ ነው፤ እሱንም አላየሽውም።

ስለዚህ ዛሬውኑ ደውዪለት። መጀመሪያ ማስታወቂያውን «ፖዝ» ያድርገው። የቆመ ማስታወቂያ ገንዘብ አይወስድም፤ ለማቆምም ቅጣት የለውም። ቀጥሎ «አክሰስ ኤንድ ሴኩሪቲ» የሚለው ገጽ ገብቶ ያንቺን ጂሜይል «አድሚን» አድርጎ ይጨምር። ግብዣው በኢሜይል ይደርስሻል። ስትቀበዪው ሙሉ ሥልጣን ይኖርሻል። ከዚያ በኋላ እሱን ማስወጣትም ማቆየትም የምትችዪው አንቺ ነሽ። እንዲያግዝሽ ከፈለግሽ ደረጃውን «ስታንዳርድ» አድርጊው፤ ይሠራል እንጂ ሰው ማስገባትና ማስወጣት አይችልም። ወደፊት በሙያው የሚሠራ ሰው ብትቀጥሪም እንዲሁ ነው። ባለ 10 አኃዙን የአካውንት ቁጥር ትሰጪዋለሽ፣ እሱ ከራሱ አካውንት ጥያቄ ይልካል፣ አንቺ ትፈቅጃለሽ። የይለፍ ቃልሽን የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመሽ ሥራውን አያውቅም፤ አለዚያም ሌላ ሐሳብ አለው።

ልጁ ጨርሶ ባይገኝ ባንክ ደውለሽ ካርዱን ማዘጋት ትችያለሽ። «ይህን ክፍያ አላውቀውም» ብለሽ ገንዘቡን ለማስመለስ ግን አትቸኩዪ። ክሊኩ በትክክል የመጣ ነው፤ እንዲህ ያለ ክርክር ሲደርሰው ጎግል አካውንቱን ሊያግድ ይችላል። እገዳው ደግሞ በኋላ በራስሽ ስም ስትከፍቺ ሊከተልሽ ይችላል።

አሮጌው አካውንት ውስጥ ከገባሽ እዚያው አዲስ ካምፔይን (የማስታወቂያ ዘመቻ) ሥሪ፤ የድሮው መረጃ ይጠቅምሻል። ካልተቻለ አዲስ ክፈቺ። ሁለቱን ጎን ለጎን ግን አታስኪጂ። ለአንድ ድርጅት ከሁለት አካውንት በአንድ ፍለጋ ላይ ማስታወቂያ ማውጣት የጎግልን ደንብ ሊያስጥስሽ ይችላል።

አዲስ የምትከፍቺ ከሆነ አድራሻውን ራስሽ በእጅሽ ጻፊ፤ «አድስ» ነጥብ «ጎግል» ነጥብ «ኮም»። ጎግል ላይ «ጎግል አድስ» ብለሽ ፈልገሽ የመጀመሪያውን አትንኪ። የሰው አካውንት የሚሰርቁ ሌቦች ራሱን ጎግል አድስን የሚመስል ገጽ ሠርተው ማስታወቂያ ያወጡበታል። ለሥራሽ ብቻ የሚሆን ጂሜይል ያዢ። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም አብሪው።

ስትከፍቺ አገር፣ የሰዓት ክልልና የገንዘብ ዓይነት ይጠይቅሻል። ለእነዚህ ተጠንቀቂ። የሰዓት ክልሉና ገንዘቡ አንዴ ከተመረጡ እንደ ልብ አይቀየሩም። ያንቺ የምሥራቅ አሜሪካ ሰዓትና ዶላር ነው። ስምሽንም በኤል ኤል ሲ ወረቀትሽ ላይ እንዳለው፣ ፊደል ሳታጎድዪ ጻፊ። ጎግል አስተዋዋቂው ማን እንደሆነ ማረጋገጫ ሰነድ ይጠይቃል፤ ስምሽ ከሰነዱ ጋር ካልገጠመ ሳምንት ሙሉ ትመላለሻለሽ።

ከዚያ ገጹ እጅሽን ይዞ ወደ ቀላሉ መንገድ ይወስድሻል። ጥቂት ጥያቄ ይጠይቅሽና «በቃ ጨረስሽ» ይልሻል። ልጁም በዚሁ በኩል የሄደ ይመስለኛል። ይህ መንገድ ቀላል የሆነው ውሳኔውን ሁሉ ማሽኑ ስለሚወስድ ነው። በትንሽ ፊደል «ስዊች ቱ ኤክስፐርት ሞድ» የሚል ወይም ያለ ካምፔይን አካውንት ብቻ ክፈት የሚል ምርጫ ፈልጊ። የገጹ አቀማመጥ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ቃሉ ትንሽ ሊለይ ይችላል። ኤክስፐርት የሚለው ቃል አያስፈራሽ። መሪውን ራስሽ ትይዣለሽ ማለት ብቻ ነው።

የካምፔይን ዓይነት ሲጠይቅሽ «ሰርች» በዪ። «ፐርፎርማንስ ማክስ» የሚባለውን ደጋግሞ ያቀርብልሻል፤ ዩቲዩቡንም ጂሜይሉንም ካርታውንም በአንዴ የሚያዳርስ ነው። ለትልልቅ ሱቆች ጥሩ ሊሆን ይችላል። በቀን በ25 ዶላር ለሚጀምር ሰው ግን ገንዘቡ የት እንደገባ ለማወቅ ያስቸግራል። አንቺ የምትፈልጊው ጽዳት ፈላጊውን፣ በፈለገበት ደቂቃ ነው። ያ «ሰርች» ነው። ቀጥሎ ሁለት ምልክት የተደረገባቸው ሳጥኖች ታያለሽ፤ አንዱ «ሰርች ፓርትነርስ» (ከጎግል ጋር የሚሠሩ ሌሎች መፈለጊያ ገጾች)፣ ሌላው «ዲስፕሌይ ኔትወርክ»። ሁለቱንም አጥፊያቸው። ሁለተኛው በተለይ ማስታወቂያሽን ሰው ዜና በሚያነብበት፣ ጌም በሚጫወትበት ገጽ ሁሉ ያሳያል። እዚያ በስህተት የተነካው ሁሉ ይቆጠርብሻል።

ቦታው ላይ ደግሞ የባልቲሞሯ ሴት ምስጢር አለ። ቦታ ስትመርጪ ከታች «ሎኬሽን ኦፕሽንስ» የምትባል ተደብቃ የተቀመጠች መስመር አለች። ሲከፈት የሚመጣው ምርጫ «እዚያ ያሉ ወይም ለቦታው ፍላጎት ያሳዩ ሰዎች» የሚል ነው። ፍላጎት ያሳየ ማለት ሌላ ከተማ ተቀምጦ ስለ ሲልቨር ስፕሪንግ የፈለገ ሰው ሁሉ ነው። «ፕረዘንስ» ብቻ ወደሚለው ቀይሪው፤ ቦታው ላይ ያሉት ወይም አዘውትረው የሚገኙት ብቻ ማለት ነው። ሜሪላንድ ብለሽም ስቴቱን በሙሉ አትውሰጂ። በመኪና 25 ደቂቃ የማያልፍብሽን ብቻ ምረጪ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ታኮማ ፓርክ፣ ዊተን፣ ኬንሲንግተን፣ ቼቪ ቼስ፣ ቤተስዳ። ቤልትዌይ (ቀለበት መንገዱ) ላይ በትራፊክ የሚያልፍ አንድ ሰዓት ማንም የማይከፍልሽ ሰዓት መሆኑን ከእኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ።

አሁን ወደ ቃላቱ እንምጣ። ብዙ ልቆይበት ነው፤ ገንዘብ የሚቃጠለውም የሚተርፈውም እዚህ ስለሆነ።

የእኛ ሰው «ክሊኒንግ» ሲል ቤት ማጽዳት ይታየዋል። በእንግሊዝኛ ግን ጥርስ የሚታጠበውም ክሊኒንግ ነው። ልብስ ላውንድሪ የሚሰጠውም፣ ምንጣፉም፣ የጣሪያ አሸንዳውም፣ የአየር ማስተላለፊያ ቱቦውም ክሊኒንግ ነው። የጽዳት ሥራ ፈልጎ የሚያመለክተውም ሰው ያንኑ ቃል ይጽፋል። እንዲሁ ቃሉን ብቻ ጽፈሽ ከተውሽው ጎግል ሰፊውን ትርጉም ይወስዳል። ይህ «ብሮድ ማች» ይባላል። ከቃልሽ ጋር ይዛመዳል ብሎ የገመተውን ሁሉ ያመጣልሻል። ሦስቱን ሥራ ፈላጊዎችና የምንጣፍ ማሽኑን ሰው ያመጣብሽ ይሄ ነው ብዬ እገምታለሁ።

መከላከያው ቀላል ነው። ቃሉን በትዕምርተ ጥቅስ ውስጥ ካስገባሽው «ፍሬዝ ማች» ይሆናል፤ የሐረጉን ትርጉም የያዘ ፍለጋ ብቻ ይመጣል። በማዕዘን ቅንፍ ካደረግሽው «ኤግዛክት ማች» ይሆናል፤ ከሁሉም ጠባቡ እሱ ነው። ለመጀመሪያው ወር በእነዚህ በሁለቱ ብቻ ሂጂ። መቶ ቃል አትደርድሪ። አሥር ወይም አሥራ አምስት ይበቃል። «ሃውስ ክሊኒንግ ሰርቪስ»፣ «ሜይድ ሰርቪስ ሲልቨር ስፕሪንግ»፣ «ባይዊክሊ ሃውስ ክሊኒንግ»፣ «ሃውስ ክሊነርስ ኒር ሚ» የመሳሰሉት። ቤት ለቆ የሚወጣ ሰው የሚፈልገውን «ሙቭ አውት ክሊኒንግ» ለብቻው በሌላ አድ ግሩፕ (ቃላቱና ማስታወቂያቸው አብረው የሚቀመጡበት ክፍል) አስቀምጪው። ሰውየው ሌላ፣ ዋጋው ሌላ፣ ማስታወቂያውም ሌላ ነው።

ከዚያ አልፈልግም የምትያቸውን ቃላት አስገቢ። «ኔጋቲቭ ኪወርድስ» ይባላሉ። እኔ ስሠራ ከምፈልጋቸው ቃላት በፊት የማልፈልጋቸውን ነው የምጽፈው። ላንቺ እንዲህ ብዬ እጀምርልሽ ነበር፦ ጆብ፣ ጆብስ፣ ሃይሪንግ፣ ሳለሪ፣ ትሬኒንግ፣ ፍሪ፣ ካርፔት፣ ድራይ፣ ቲዝ፣ ገተር፣ ደክት፣ ሬንታል፣ ሰፕላይስ፣ ሃው ቱ። «ጆብ»ንም «ጆብስ»ንም ለየብቻ የጻፍኩት በስህተት አይደለም። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ነጠላውን ስትከለክዪ ብዙው አብሮ አይከለከልም። በእንግሊዝኛ ፊደል እንደምታስገቢያቸው ግልጽ ነው።

ዝርዝሩ ግን በአንድ ቀን አያልቅም። በየሳምንቱ፣ ሰኞ ማታ በዪው፣ «ሰርች ተርምስ» የሚለውን ገጽ ክፈቺ። ሰዎች የጻፉትን ቃል በቃል ያሳይሻል። ሁሉንም አያሳይም፤ ጥቂት ሰው ብቻ የፈለጋቸውን ይደብቃል። ያሳየሽን ግን አንድ በአንድ አንብቢ። ያንቺ ደንበኛ ሊጽፈው የማይችለውን ስታገኚ ወደ ክልከላው ጨምሪ። በመጀመሪያው ሰኞ ሃያ ቃል ታወጫለሽ፤ በአራተኛው ሰኞ ሁለት ወይም ሦስት። ይህን ሥራ ከማንም ተቀጣሪ ባለሙያ ይልቅ አንቺ ትችይዋለሽ። ስምንት ዓመት ሙሉ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ሰምተሻል።

በነገራችን ላይ የሦስቱን ሥራ ፈላጊዎች ስልክ አትጣዪ። ደንበኛ ሲበዛ ሰው ያስፈልግሻል። ለቅጥር ማስታወቂያ ላውጣ ብትዪ ግን ሕጉ ይለያል። ከ2020 ጀምሮ ጎግል አሜሪካ ውስጥ የቅጥር፣ የቤትና የብድር ማስታወቂያ በዕድሜ፣ በፆታ ወይም በዚፕ ኮድ ተመርጦ እንዲታይ አይፈቅድም።

ስለ 74 ዶላሩ። አልተጭበረበርሽም። የምትጽፊው የቀን በጀት አማካይ ነው። ፍለጋ በበዛበት ቀን እስከ እጥፉ ሊወስድ ይችላል፤ በ40 እስከ 80 ማለት ነው። የማያልፈው የወሩን ነው፤ የቀኑ በጀት ሲባዛ በ30.4። 40 ዶላር ያልሽው እንግዲህ በወር እስከ 1,216 ዶላር የተስማማሽው ነው። ልጁ ይህን ሊነግርሽ ይገባ ነበር። ስለዚህ ወደ ኋላ አስቢው። በወር ልታወጪው የምትችዪው 760 ዶላር ከሆነ ለ30.4 አካፍዪው፤ በቀን 25 ዶላር ይመጣል። ካርድሽም ላይ ክፍያው በአንዴ አይመጣም። አካውንቱ አዲስ ሲሆን ትንሽ ትንሽ በተጠራቀመ ቁጥር ይቆርጣል፤ የቀረውን በወሩ መጀመሪያ። ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን ካርድ ብትለዪ ሂሳቡ ይቀልልሻል። ታክስ ስትሠሪም ይጠቅምሻል፤ በግል በስኬጁል ሲ (የግል ንግድ የታክስ ቅጽ) የምታስገቢ ከሆነ መስመር 8 የማስታወቂያ ወጪ ነው።

የአንድ ክሊክ ዋጋ ስንት ነው ብለሽ ብትጠይቂ ቁርጥ ያለ ዋጋ የለውም። ሰው በፈለገ ቁጥር ጨረታ ይካሄዳል። ጨረታውን ግን ብዙ የሰጠ ሁሉ አያሸንፍም። ማስታወቂያሽ ከተፈለገው ቃል ጋር መግጠሙ፣ ሰው የመንካቱ ዕድል፣ ሰውን የምትወስጂበት ገጽ መልካምነት አብሮ ይመዘናል። ጥሩ የሠራ ትንሽ ድርጅት ከትልቁ በታች ከፍሎ በላይ ሊወጣ ይችላል። ለመጀመሪያው ወር «ማክሲማይዝ ክሊክስ» (በበጀትሽ ብዙ ክሊክ አምጣ) የሚለውን ምረጪና ጣሪያ አብጂለት፤ ለአንድ ክሊክ 5 ዶላር በዪ። ማሽኑ ራሱ ዋጋ እንዲወስን መተው የሚቻለው ማን እንደሚደውልልሽ ከተማረ በኋላ ነው።

ያዋጣ እንደሆነ በግምት ቁጥር እናስላ። ክሊኩ 5 ዶላር፣ ከአሥር ሰው አንዱ ቢደውል፣ ከሦስት ደዋይ አንዱ ቢስማማ አንድ ደንበኛ 150 ዶላር ያስወጣሻል። አንድ ቀን ብቻ አጽድተሽለት ለሚሄድ ሰው ይህ ኪሳራ ነው። በየሁለት ሳምንቱ 150 ዶላር ለሚከፍል ደንበኛ ግን በዓመት 26 ጊዜ ነው፤ 3,900 ዶላር። ማስታወቂያሽ ላይ በየሁለት ሳምንቱ የሚለውን ቃል ፊት ለፊት አምጪው የምልሽ ለዚህ ነው።

ማስታወቂያውን ስትጽፊ እያንዳንዳቸው ከ30 ፊደል ያልበለጡ እስከ 15 ርዕሶች፣ ከ90 ፊደል ያልበለጡ እስከ 4 መግለጫዎች ይፈቅድልሻል። ጎግል እያቀያየረ ያሳያቸዋል። «ምርጥ አገልግሎት» የሚል አትጻፊ፤ ሁሉም የሚለው ነው። የከተማውን ስም፣ ኢንሹራንስ ካለሽ ኢንሹራንስ እንዳለሽ፣ ስምንት ዓመት መሥራትሽን፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሰዎች እንደሚመጡ ጻፊ። መነሻ ዋጋሽንም ጻፊ። ዋጋ ስጽፍ ሰው ይሸሻል ብለሽ አትፍሪ። በ60 ዶላር ቤት ማስጸዳት የሚፈልገው ሰው ሳይነካ ቢያልፍሽ 5 ዶላር ተረፈሽ። ሌሎቹ የአካባቢሽ ድርጅቶች ምን ብለው እንደሚያስተዋውቁ ማየት ከፈለግሽ «አድስ ትራንስፓረንሲ ሴንተር» የሚባል የጎግል ገጽ አለ። የማንንም ስም አስገብተሽ ማስታወቂያዎቹን በነፃ ታያለሽ።

ማስታወቂያውን የነኩ ሰዎች የሚያርፉበት ገጽ አንድ ይበቃል። ስልክሽ ከላይ፣ ሲነካ የሚደውል ይሁን። የምትሠሪባቸው ከተሞች፣ መነሻ ዋጋ፣ የራስሽ ሥራ ፎቶ። ከኢንተርኔት የተወሰደ የፈረንጅ ሴት ፎቶ አታድርጊበት። በሩን ሲከፍቱ የሚያዩት ሰው አንቺ ነሽ።

አንድ ነገር ሳታደርጊ ማስታወቂያውን አታብሪ። ጥሪ መቁጠሪያውን ክፈቺ። ማስታወቂያው ላይ ስልክ ስትጨምሪ ጎግል የራሱን ማስተላለፊያ ቁጥር ያደርግና ጥሪውን ወዳንቺ ያሳልፋል። ከየትኛው ቃል ስንት ጥሪ እንደመጣ የምታውቂው በዚህ ነው። ካልቀየርሽው 60 ሰከንድ የቆየውን ጥሪ እንደ ውጤት ይቆጥራል። ለጽዳት ሥራ ተገቢ ነው። ተሳስቶ የደወለ ሰው ደቂቃ አይቆይም።

ከጀመርሽ በኋላ «ሬኮመንዴሽንስ» የሚል ገጽ በመቶኛ ነጥብ እየሰጠ ይህን ጨምሪ፣ ያን ክፈቺ ይልሻል። ነጥቡ ከፍ ቢል ደንበኛ አይጨምርም። አንዳንዱ ምክር ጥሩ ነው፤ ብዙው ግን በጀት አስፊ፣ ቃሉን አስፊ ነው። ሳይጠይቅሽ ራሱ እንዲፈጽም የሚያስችለው «ኦቶ አፕላይ» መጥፋቱን አረጋግጪ። ከጎግል ነን እያሉም ይደውሉልሻል። እውነተኞቹም አሉ፣ አጭበርባሪዎቹም አሉ። የይለፍ ቃል ወይም የካርድ ቁጥር በስልክ የሚጠይቅሽን ግን ወዲያው ዝጊበት።

ነፃውንም አትርሺ። «ጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል» ከሌለሽ ከማስታወቂያው በፊት እሱን አውጪ። ቤትሽ አድራሻ ሳይታይ የምትሠሪበትን አካባቢ ብቻ ማሳየት ይቻላል። ያሉሽን ደንበኞች አስተያየት እንዲጽፉልሽ ጠይቂ። ማስታወቂያሽን ያየ ሰው ሳይደውል በፊት እሱን ነው የሚያነበው።

የቀረው ቦርሳ ውስጥ የሚጮኸው ስልክ ነው። ሰው ለሦስት ድርጅት በተርታ ይደውልና ቀድሞ ላነሳለት ሥራውን ይሰጣል። አንቺ መልሰሽ ስትደውዪ ጨርሷል፤ የክሊኩ ገንዘብ ግን ሄዷል። «አድ ስኬጁል» የሚለውን ክፈቺና ማስታወቂያው የሚታይበትን ሰዓት ገድቢ። በአካውንቱ የሰዓት ክልል ነው የሚሄደው፤ ቅድም ተጠንቀቂ ያልኩሽ ለዚህም ነው። ባለቤትሽ ማታ የሚነዳ ከሆነ ቀን ቤት ነው። ተኝቶ ይነሳና በአሜሪካ ሰዓት ከቀኑ 12 እስከ 4 ስልኩን እሱ ይያዝ። ሦስት ነገር ብቻ ጠይቆ ይጻፍልሽ፦ ዚፕ ኮዱን፣ ስንት መኝታ ቤት እንደሆነ፣ በየስንት ጊዜው እንደሚፈልጉ። ማታ አንቺ ደውለሽ ዋጋ ትሰጫለሽ። ማስታወቂያውን ለእነዚያ አራት ሰዓታት ብቻ አብሪው። በሦስተኛው ሰኞ የ«ሰርች ተርምስ» ገጹን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።